ሥዕል በአየር ላይ እንዴት ይሄዳል?
ስለ አናሎግ ቴሌቪዥን አሠራር አጭር ጥናት

«ቴሌቪዥን» የሚለው ስም ከሁለት ቋንቋ የተጋባ ቃል ነው። «ቴሌ» በግሪክኛ «ሩቅ» ማለት ሲሆን፣ «ቪዥን» ደግሞ ከላቲን የመጣና «ማየት» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ሲገጣጠም «የሩቁን ማየት» ይሆናል። ስሙ ግልጽ ነው፤ አሠራሩ ግን ለብዙዎቻችን እንደተሸፈነ ኖሯል። በተለይ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ቴሌቪዥን ስንከራከር ክርክራችን ስለ ዜናው፣ ስለ ድራማው፣ ስለ ቋንቋው አጠቃቀም ነው እንጂ ሥዕሉ ከማሠራጫው ተነሥቶ እቤታችን እስኪደርስ በምን መንገድ እንደሚጓዝ አንጠይቅም። «ይህ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩ የእኛም እንደሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ያለው የዓለም ታሪክ እጅግ ብዙው ክፍል የተመዘገበው በአናሎግ ቴሌቪዥን ሲግናል ነው። ታሪክ እናጠናለን የምንል ሰዎች ምንጩ የተጻፈበትን «ፊደል» ሳናውቅ ምንጩን እንመረምራለን ማለት አንችልም። ሁለተኛ፣ ይህ ፊደል ከዓለም ላይ እየጠፋ ነው። ሉክሰምበርግና ሆላንድ በ2006፣ አሜሪካ በ2009፣ ፈረንሳይ በ2011፣ እንግሊዝ በ2012 የዋና ዋና ጣቢያዎቻቸውን የአናሎግ ሥርጭት ዘግተው ወደ ዲጂታል ተዛውረዋል። ፊደሉ ጨርሶ ሳይጠፋ የሚያነበው ሰው ሊኖር ይገባል።

አንባብያን እንዳይፈሩ አስቀድመን እንናገራለን፤ ከመደመር፣ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አንጠቀምም። ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. ችግሩ ምንድን ነው?

ራዲዮ ድምፅን ለማስተላለፍ ብዙ አልተቸገረም። ምክንያቱም ድምፅ በማናቸውም ቅጽበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በጆሮ ላይ ያለው የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል ኤሌክትሪኩን ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ማድረግ ይበቃል። «አናሎግ» የሚለው ቃል ትርጉሙም ይኸው ነው፤ ኤሌክትሪኩ የነገሩን ከፍታና ዝቅታ ሳያቋርጥ እየተከተለ ይመስለዋል፣ ይወክለዋል።

ሥዕል ግን እንዲህ አይደለም። አንድን ፊት ስንመለከት ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አገጩንና ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ እናያለን። በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ነጥቦች፣ አንዱ ብሩህ አንዱ ጨለማ ሆነው፣ በአንድ ቅጽበት ይገኛሉ። አንድ ሽቦ ወይም አንድ ሞገድ ደግሞ በአንድ ቅጽበት የሚሸከመው አንድ ዋጋ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ነጥብ በአንድ ቀጭን መንገድ እንዴት እናሳልፈው?

መልሱ ከንባብ ጋር ይመሳሰላል። የመጽሐፍ ገጽ ሰፊ ነው፤ አንባቢው ግን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ፊደል አንድ ፊደል እያለ ያነበዋል። የሚሰማው ጸሐፊ የመሥመሩን ርዝመትና የመሥመሮቹን ቍጥር አስቀድሞ ካወቀ፣ ያንኑ ገጽ እንደነበረ አድርጎ ይገለብጠዋል። ሥዕልም በመሥመር ይቆረጣል፤ መሥመሩ በተራ ይነበባል፤ በሌላው ጫፍ በተራ ይጻፋል። ንባቡ እጅግ ፈጣን ከሆነ ዓይናችን ተራውን ትቶ ሙሉውን ሥዕል ያያል።

ይህን ሐሳብ በ1884 በበርሊን የፓተንት መብት ያወጣበት ወጣቱ ጀርመናዊ ተማሪ ፓውል ኒፕኮቭ ነው። የእርሱ መሣሪያ በጠመዝማዛ ረድፍ የተበሳሳ ክብ ሰሌዳ ነበር፤ ሰሌዳው ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቀዳዳ የሥዕሉን አንድ መሥመር ይጠርጋል። እስኮትላንዳዊው ጆን ሎጂ ቤርድ በዚሁ መንገድ በጥር ወር 1926 በለንደን ለሳይንስ ሰዎች የሚንቀሳቀስ ሥዕል አሳየ፤ መሥመሮቹ 30 ብቻ ነበሩ። በ1927 ደግሞ አሜሪካዊው ፋይሎ ፋርንስዎርዝ በሳን ፍራንሲስኮ የሚሽከረከር ሰሌዳ ሳይኖር፣ በኤሌክትሮን ጨረር ብቻ ሥዕል አስተላለፈ። በኅዳር 2 ቀን 1936 ቢ.ቢ.ሲ. ከአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት መደበኛ ሥርጭት ሲጀምር የቤርድን ባለ 240 መሥመርና የማርኮኒ-ኢ.ኤም.አይ.ን ባለ 405 መሥመር ዘዴ እያፈራረቀ ሞከራቸው። ሦስት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ የቤርድ ተተወ፤ ኤሌክትሮን ሰሌዳን አሸነፈ።

2. ጨረሩ እንደ መወርወሪያ

በካሜራው ቱቦ ውስጥ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ጠባዩ የሚለወጥ ስስ ንጣፍ አለ። ሌንሱ ሥዕሉን በዚህ ንጣፍ ላይ ይጥለዋል። ከበስተኋላ የሚመጣ ቀጭን የኤሌክትሮን ጨረር ንጣፉን መሥመር በመሥመር ይዳስሰዋል፤ ብሩህ ቦታ ሲያገኝ ብዙ፣ ጨለማ ቦታ ሲያገኝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሲግናሉ ተወለደ ማለት ነው።

እቤት ባለው መቀበያ ደግሞ ተቃራኒው ይፈጸማል። በሥዕል ቱቦው አንገት ያለው መሣሪያ ኤሌክትሮኖችን ይተኩሳል፤ ከአሥር ሺሕ ቮልት በላይ የሆነ ኃይል ወደ መስኮቱ ይስባቸዋል፤ በቱቦው አንገት ዙሪያ የተጠመጠሙ ሽቦዎች በማግኔት ኃይል ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመሯቸዋል። የመስኮቱ ውስጠኛ ፊት ፎስፎር በሚባል ነገር ስለተቀባ ኤሌክትሮን የመታው ቦታ ያበራል። ሲግናሉ ሲበረታ ነጥቡ ይደምቃል፤ ሲደክም ይጨልማል።

ጨረሩን የሸማኔ መወርወሪያ አድርገን ብናስበው ጥሩ ነው። መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ጕዞ በኋላ ጨርቁ በአንድ ክር ያድጋል። ልዩነቱ ሸማኔው ሲሄድም ሲመለስም ይሠራል፤ ጨረሩ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ጽፎ ሲመለስ ብርሃኑን አጥፍቶ ባዶውን ይመለሳል።

በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ለአናሎጉ ሥርጭት ያገለገለው ዘዴ አንዱን ሥዕል በ625 መሥመር ከፍሎ በሴኮንድ 25 ሥዕል የሚልክ ነው። ሒሳቡን እናውጣ። 625 በ25 ሲባዛ 15,625 ይሆናል፤ ጨረሩ በአንድ ሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ ይመላለሳል። ለአንድ መሥመር የሚደርሰው ጊዜ 64 ማይክሮሴኮንድ ነው፤ አንድ ማይክሮሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከ64ቱ ሥዕል የሚይዘው 52 ሲሆን ቀሪው 12 ጨረሩ ለሚመለስበት ተትቷል። እንዲሁም ጨረሩ ከታች ወደ ላይ ሲመለስ 50 ያህል መሥመሮች ይባክናሉ፤ ለዓይን የሚቀሩት 575 ናቸው።

በሴኮንድ 25 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን ግን ዓይንን ያስቸግራል፤ ይርገበገባል። በ50 ይላክ ቢባል ደግሞ የሚያስፈልገው የሞገድ ስፋት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መሥመር እያሉ ጎዶሎዎቹን ይጽፋሉ፤ ቀጥለው ወደ ላይ ተመልሰው በመካከል የተዘለሉትን 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን ይሞላሉ። እያንዳንዱ ግማሽ ሥዕል 312 ተኩል መሥመር ይዞ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመጣል። የተላከው ነገር አልጨመረም፤ ዓይን ግን ረጋ።

ቍጥሩ 50 የሆነውም በአጋጣሚ አይደለም። በኤውሮፓ የመብራት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የሥዕሉ ፍጥነት ከመብራቱ ጋር ካልተስማማ በመስኮቱ ላይ የሚንሸራተት ጥላ ይታያል። ስለዚህ ኤውሮፓ 50ን፣ አሜሪካ 60ን ያዘች፤ አሜሪካ መሥመሩንም 525 አደረገች። ዓለም በሁለት የቴሌቪዥን ቋንቋ የተከፈለበት አንዱ ምክንያት ከመብራት ኃይል ማመንጫ የመጣ ነው። የታሪክ ተማሪ ይህን ልብ ይበል፤ ያንድ ዘመን ውሳኔ ለሌላ ሥራ የተወሰነ ቢሆንም የሚቀጥለውን ዘመን እጅ ያስራል።

3. ከበሮው፣ ማለት የማስማሚያው ምት

አንባቢው አምስተኛውን መሥመር ሲያነብ ገልባጩ ስድስተኛውን ቢጽፍ ገጹ ይበላሻል። እንግዲህ በሺሕ በሚቆጠሩ ቤቶች ያሉ ጨረሮች ከስቱዲዮው ካሜራ ጋር በአንድ ቅጽበት እንዲነሡና እንዲመለሱ ማን ያዛቸዋል?

በማኅሌት ጊዜ ከበሮው ሲመታ መቋሚያው ሁሉ በአንድነት ይወርዳል፤ የሩቁም የቅርቡም ምቱን ሰምቶ ይዘምማል። በቴሌቪዥንም በእያንዳንዱ መሥመር መጨረሻ አንድ አጭር ምት ይላካል፤ ርዝመቱ 4.7 ማይክሮሴኮንድ ነው። በእያንዳንዱ ግማሽ ሥዕል መጨረሻ ደግሞ ረዘም ያሉ ምቶች ተከታትለው ይመጣሉ። መቀበያው አጭሩን ምት ሲሰማ ጨረሩን ወደ ግራ፣ ረዥሙን ሲሰማ ወደ ላይ ይመልሰዋል።

ምቱ ከሥዕሉ ጋር እንዳይደባለቅ የተለየ ቦታ ተሰጥቶታል። ሲግናሉ በስቱዲዮ ውስጥ ከ0 እስከ 1 ቮልት ይደርሳል። ነጭ 1 ቮልት ነው፤ ጥቁር 0.3 ቮልት ነው፤ ከ0.3 በታች ያለው ለምቱ ብቻ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ምቱ «ከጥቁር የጠቆረ» ይባላል፤ ቢመጣም ጨረሩ ጠፍቶ ስለሚሆን በመስኮቱ ላይ አይታይም። በአሮጌ ቴሌቪዥን ሥዕሉ ወደ ላይ ሲንከባለል ያየን ሁሉ ያየነው መቀበያው ረዥሙን ምት ስቶ ነው። ሥዕሉ ሰያፍ ሆኖ ሲበጣጠስ ደግሞ የሳተው አጭሩን ነው።

4. ለምን ተራራ ይፈልጋል?

አሁን ሲግናሉ ምን ያህል ፈጣን ለውጥ መሸከም እንዳለበት እንመልከት። የሚታዩት መሥመሮች 575 ናቸው፤ የመስኮቱ ወርድና ቁመት 4 ለ3 ነው። ጥራቱ በወርድም በቁመትም እኩል እንዲሆን ከተፈለገ በአንድ መሥመር ላይ 767 ያህል ነጥቦች ያስፈልጋሉ። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነጥብ ተያይዘው አንድ ከፍታና ዝቅታ ስለሚሆኑ በመሥመሩ 383 ውጣ ውረድ አለ። ይህን በ52 ማይክሮሴኮንድ ብናካፍለው በሴኮንድ 7.4 ሚሊዮን ያህል ይመጣል። ነገር ግን የሥዕሉ ዝርዝር ሁልጊዜ በመሥመሩ ላይ ልክ ስለማያርፍ ዓይን ከመሥመሮቹ የሚጠቀመው ሰባት አሥረኛውን ያህል ነው። በዚህ ሲባዛ 5 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የእኛው ዘዴ ለሥዕል የመደበውም ይህንኑ 5 ሜጋኸርትዝ ነው።

ሲግናሉ ብቻውን አየር ላይ አይሄድም፤ በተሸካሚ ሞገድ ላይ ይጫናል። የሞገዱ ብርታት በሲግናሉ መጠን ከፍ ዝቅ ይላል። እዚህም ላይ የሚደነቅ ምርጫ አለ። በእኛ ዘዴ ሞገዱ እጅግ የሚበረታው ነጩን ሲሸከም ሳይሆን የማስማሚያውን ምት ሲሸከም ነው፤ ለነጭ የሚቀረው አንድ አሥረኛ ያህል ብርታት ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ሥርጭቱ ቢደክም እንኳ ምቱ በመጨረሻ ይጠፋል፤ እንዲሁም የመኪና ሞተር የሚፈነጥቀው ብልጭታ በመስኮቱ ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ ሳይሆን ብዙም የማይታይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ድምፁ ደግሞ ከሥዕሉ ተሸካሚ 5.5 ሜጋኸርትዝ ከፍ ብሎ በራሱ ሞገድ ይጓዛል፤ የሞገዱ ብርታት ሳይሆን ፍሪኩዌንሲው ስለሚወዛወዝ ከብልጭታ ጫጫታ ይድናል።

ሁሉም ሲደመር አንድ ጣቢያ 7 ሜጋኸርትዝ ስፋት ይይዛል። በመካከለኛ ሞገድ አንድ የራዲዮ ጣቢያ የሚይዘው 9 ኪሎኸርትዝ ነው። አንድ ቴሌቪዥን ከ700 በላይ የራዲዮ ጣቢያዎችን ቦታ ወሰደ ማለት ነው። ይህን የሚችል ስፋት የሚገኘው ከፍ ባሉት ሞገዶች ዘንድ ብቻ ነው፤ እነርሱ ደግሞ እንደ ብርሃን ቀጥ ብለው መሄድ ይወዳሉ፤ የምድርን ጕብጠት ብዙ አይከተሉም። ከ100 ሜትር ከፍታ የተላከ ሞገድ በሜዳ ላይ የሚደርሰው 40 ኪሎሜትር ያህል ነው። ርቀቱን ሁለት እጥፍ ለማድረግ ከፍታው አራት እጥፍ መሆን አለበት። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን በኤፌል ግንብ ጫፍ የወጣው፣ ተራራማ አገር ደግሞ ከጫፍ ጫፍ የሚቀባበሉ ማሠራጫዎች የሚያስፈልጉት ስለዚህ ነው። ተራራው ለማሠራጫው ወዳጅ፣ ከጀርባው ላለው መንደር ግን ጠላት ነው።

ተራራ ሌላም ነገር ያደርጋል። ሞገዱን እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ያስተጋባዋል። ሞገድ በአንድ ማይክሮሴኮንድ 300 ሜትር ይሄዳል። ከተራራ ነጥሮ የመጣው ሞገድ በቀጥታ ከመጣው ይልቅ 1,500 ሜትር ቢረዝምበት 5 ማይክሮሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል። መሥመሩ በ52 ማይክሮሴኮንድ ስለሚጻፍ ያው ሰው ከራሱ በስተቀኝ፣ የመስኮቱን ወርድ አንድ አሥረኛ ያህል ርቆ ሁለተኛ ጊዜ ይታያል። ያን ጥላ ዛሬ በካሴት ላይ ብናየው መንፈስ አይደለም፤ የተራራውን ርቀት የሚነግረን ምስክር ነው።

5. ቀለም፤ ሰምና ወርቅ

ቀለም ሲመጣ ጥያቄው የቴክኒክ ብቻ አልነበረም፤ የፍትሕም ነበር። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የገዛው ሕዝብ ምን ይሁን? አሜሪካ በ1950 አንድ የቀለም ዘዴ ፈቅዳ ነበር፤ ዘዴው ግን በነባሮቹ መቀበያዎች ላይ ሥዕል የማይሰጥ ስለነበረ በ1951 ጥቂት ወራት ብቻ ሠርቶ ቀረ። በ1953 መጨረሻ የጸደቀው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የተባለው ዘዴ ግን ከባድ ግዴታ ተቀበለ፤ ይኸውም አዲሱ ሲግናል በአሮጌው መቀበያ ላይ ጥሩ ጥቁርና ነጭ ሥዕል መሆን አለበት፤ ተጨማሪ ስፋትም አይጠይቅም።

ይህ እንዴት ተቻለ? ካሜራው ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ያያል። ሦስቱን እንዳሉ ከመላክ ይልቅ መጀመሪያ ተደባልቀው አንድ የብርሃን መጠን ይሆናሉ፤ ዓይን ለአረንጓዴ ንቁ፣ ለሰማያዊ ደካማ ስለሆነ ድብልቁ ከመቶ 59 አረንጓዴ፣ 30 ቀይ፣ 11 ሰማያዊ ነው። ይህ የጥቁርና ነጩ ሥዕል ነው። ከዚያ ቀዩና ሰማያዊው ከዚህ መጠን በምን ያህል እንደሚለዩ የሚናገሩ ሁለት ተጨማሪ ሲግናሎች ይሠራሉ፤ አረንጓዴው ከቀሩት በሒሳብ ይገኛል። ዓይን የቀለምን ዝርዝር በደንብ ስለማይለይ ለሁለቱ ጠባብ ስፋት ይበቃቸዋል።

እነዚህ ሁለቱ በአንድ ትንሽ ተሸካሚ ሞገድ ላይ ተጭነው በሥዕሉ ስፋት ውስጥ ይደበቃሉ፤ በእኛ ዘዴ ቦታው 4.43 ሜጋኸርትዝ ነው። የትንሹ ሞገድ ብርታት ቀለሙ ደማቅ ወይም ፈዛዛ መሆኑን ይናገራል። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ የሞገዱ መቅደምና መዘግየት ነው፤ ሁለት ዘማሪዎች በአንድ ፍጥነት መቋሚያ ሲያወዛውዙ አንዱ ከሌላው በጥቂት እንደሚቀድም ያለ ነው። መቀበያው ከማን ጋር እንደሚያስተያይ እንዲያውቅ ከእያንዳንዱ መሥመር ምት በኋላ አሥር ያህል ውዝዋዜ እንደ መነሻ ይላክለታል።

የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ባንድ ሲግናል ሁለት ትርጉም ተላከ። ጥቁርና ነጩ መቀበያ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ይረካል፤ ወርቁ በእርሱ ዘንድ ደቃቅ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ባለቀለሙ መቀበያ ግን ነጠብጣቡን ፈትቶ ወርቁን ያወጣል።

የአሜሪካኑ ዘዴ አንድ ድካም ነበረበት። ትንሹ ሞገድ በመንገድ ላይ ጥቂት ቢዘገይ የሰው ፊት አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። በጀርመን አገር የቴሌፉንከን መሐንዲስ ቫልተር ብሩክ ለዚህ ፓል የተባለውን መድኃኒት አገኘ። ከሁለቱ የቀለም ሲግናሎች አንዱ በየመሥመሩ ይገለበጣል። ስሕተት ቢደርስ በአንዱ መሥመር ቀለሙን ወደ አንድ ወገን፣ በሚቀጥለው ወደ ተቃራኒው ወገን ይገፋዋል። መቀበያው የመጀመሪያውን መሥመር በድምፅ መልክ በመስተዋት ቁራጭ ውስጥ አሳልፎ 64 ማይክሮሴኮንድ ያቆየዋል፤ ከሁለተኛው ጋር ሲያደባልቀው ሁለቱ ስሕተቶች ይጣፋሉ። ቀለሙ ጥቂት ይፈዝዛል እንጂ አይለወጥም። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ሴካም የተባለውን ሌላ ዘዴ ይዘው በ1967 ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ጀርመንና እንግሊዝ በፓል ገቡ። አገራችን በ1984 መደበኛ የቀለም ሥርጭት ስትጀምር የተከተለችው ፓልን ነው።

6. ፊደሉ ሲጠፋ

እስከዚህ የተከተለን አንባቢ አሁን ወደ ዋናው ነገር ይምጣ። ብራና ላይ የተጻፈ መጽሐፍ አምስት መቶ ዓመት ቢያልፈውም ፊደል የቆጠረ ሰው ከፍቶ ያነበዋል፤ ከዓይንና ከብርሃን በቀር መሣሪያ አይፈልግም። የቴሌቪዥን ቴፕ ግን እንዲህ አይደለም። በቴፑ ላይ ያለው ሥዕል አይደለም፤ ከላይ የተናገርነው ሲግናል በማግኔት ተጽፎ ነው። በመብራት ፊት ብንዘረጋው ቡናማ ጥብጣብ እንጂ ምንም አናይም። የሚያነበው ያው የተጻፈበት ዓይነት መሣሪያ ብቻ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ከሞላ ጎደል መሠራቱ ቀርቷል። በ2019 ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ ስለ ማግኔት ቴፕ የማስጠንቀቂያ ጥሪ ያሰማው ለዚህ ነው።

ሁለት ምሳሌ እንስጥ። በሐምሌ ወር 1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ከጨረቃ የተላከው ሥዕል በሴኮንድ 10፣ በ320 መሥመር የተሠራ ልዩ ሲግናል ነበር። በምድር ጣቢያዎች ወደ ተለመደው 525 መሥመር ሲለወጥ ጥራቱ ቀነሰ፤ ዓለም ያየውም ይህን የቀነሰውን ነው። የመጀመሪያው ሲግናል የተቀዳባቸው ቴፖች ሲፈለጉ አልተገኙም፤ ናሳ በ2009 እንዳስታወቀው ሳይጠፉ አልቀሩም፤ ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ውለዋል። የሰው ልጅ ታላቅ እርምጃ መዝገብ የጠፋው በጦርነት ወይም በእሳት ሳይሆን በቴፕ እጥረት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ተስፋ ይሰጣል። ቢ.ቢ.ሲ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ባለቀለም ቴፖችን እየደመሰሰ መልሶ ተጠቅሞባቸው ነበር። ከአንዳንዶቹ የተረፈው ከቴሌቪዥን መስኮት ላይ የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ ነው። የአሠራሩን ምስጢር የሚያውቁ ሰዎች ግን ፊልሙን በቅርብ ሲመረምሩ በሥዕሉ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ አዩ። ያ ነጠብጣብ ከላይ ያልነው ነው፤ ጥቁርና ነጩ መቀበያ ሳይፈታው በመስኮቱ ላይ የተወው ወርቅ። ነጠብጣቡን ፈትተው ቀለሙን ከጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ አወጡ። በ2008 «ዳድስ አርሚ» ከተባለው የቀልድ ድራማ አንድ ክፍል በዚህ መንገድ ቀለሙ ተመልሶለት ለሕዝብ ታየ። አርባ ዓመት ያህል ሁሉም ያየውን ነጠብጣብ ትርጉም ያለው መሆኑን የተረዳው ሰሙን ከወርቁ መለየት የሚችል ብቻ ነው።

ይህ ነገር ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በየቤታችን የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ካሴት አለ፤ የሞቱ አያቶቻችን ድምፅና ገጽ በዚያ ውስጥ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት እዚህ ሲከፈት ቀለም አልባ የሚሆነው ወይም የሚንከባለለው ካሴቱ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ በ525 መሥመርና በ60 ስለተጻፈ ነው፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚያነብ መሣሪያ ሲገኝለት ይናገራል። ይህን የማያውቅ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። የጣለው ግን ጥብጣብ አይደለም፤ የቤተሰቡን ታሪክ ነው።

ስለዚህ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ እቤት ያለውን ካሴትም ማጫወቻውንም አንጣል፤ ከፀሐይ፣ ከርጥበትና ከማግኔት እናርቀው፤ በላዩ ላይ የማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተቀረጸ፣ በ625 ይሁን በ525 መሥመር እንጻፍበት፤ መሣሪያው ሳይጠፋ ወደ ዲጂታል ይገልበጥ። ሁለተኛ፣ የታሪክ፣ የቋንቋና የቤተ መጻሕፍት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት ስንመርጥ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉትን ቴፖች መዘርዘርና መመዝገብ እንደ ብራና ጥናት የተከበረ ሥራ መሆኑን እንመን። ሦስተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን የአርትስና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አብረው የሚሠሩበትን መድረክ ያዘጋጅ። እነርሱ ምቱንና ሞገዱን ያውቃሉ፤ እኛ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተናገረና ለምን እንደተናገረ እንጠይቃለን። አንዱ ያለ ሌላው ቴፑን ቢከፍተው ወይ የማይናገር ሲግናል፣ ወይ የማይከፈት ታሪክ ይዞ ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።